የማይጠፋው አምፖል፦ በኤልኤም 358 ቦታ ቲኤል 072 ሲገባ

ከቢሾፍቱ የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ መልእክትህን ገና ግማሽ ሳላደርስ ጥርጣሬዬ አንድ ቦታ ላይ አርፏል። ለሌሎች አንባቢዎች ነገሩን ባጭሩ ልንገራቸው።

ወንድማችን በራሱ እጅ የሠራው የጫጩት መፈልፈያ ሳጥን አለው። ውስጡ ሁለት ባለ 60 ዋት አምፖል፣ ትንሽ ፋንና የውሃ ትሪ አለ። ሙቀቱን የሚቆጣጠረው በኤልኤም 35 ሴንሰር፣ በኤልኤም 358 አይሲ (ባለ ስምንት እግር ቺፕ)፣ በቢሲ 547 ትራንዚስተርና በ12 ቮልት ሪሌ (አምፖሉን የሚያበራና የሚያጠፋ መቀያየሪያ) የተሠራ ሰርኪዩት ነው። ደህና ሲሠራ ቆይቶ አንድ ቀን መብራት ሄዶ ሲመጣ አይሲው ተቃጠለ። ሱቅ ሲሄድ 358 የለም ተባለ። «ይሄ እንዲያውም ይበልጣል፣ እግሩም ያው ነው» ብለው ቲኤል 072 ሰጡት። ከዚያ ወዲህ አምፖሉ አንዴ ከበራ አይጠፋም። ቴርሞሜትሩ 41 ገባ፣ እንቁላሎቹም ተበላሹ። የሰፈር ጠጋኝ መጥቶ ሪሌውን፣ ትራንዚስተሩንና ሴንሰሩን ቀየረ። ጠብ ያለ ነገር የለም።

ስለ እንቁላሎቹ ከልቤ አዝናለሁ። ግን ሪሌህ ደህና ነው። የጣልከው ሴንሰርም ደህና የነበረ ይመስለኛል። ችግሩ ያ «ይበልጣል» የተባለው አይሲ ነው።

ሳጥኑን ከመክፈትህ በፊት አንድ ነገር ስማኝ። እዚያ ውስጥ 220 ቮልትና ውሃ ጎን ለጎን ነው ያሉት። አምፖሉ ስለጠፋ ኮረንቲ የለም ብለህ እጅህን አታስገባ። የኛ አገር ሶኬት በሁለቱም በኩል ይሰካል። ተገልብጦ ከተሰካ ሪሌው የሚቆርጠው ፌዙን (ኮረንቲ የያዘውን ሽቦ) ሳይሆን ኒውትራሉን (መመለሻውን) ነው። አምፖሉ ጨልሞም ፌዙ ሆልደሩ ላይ ይጠብቅሃል። በማጥፊያው አትተማመን፤ ሶኬቱን ከግድግዳ ንቀል፣ ነቅለህም ዓይንህ የሚያየው ቦታ አስቀምጠው።

አሁን ወደ አይሲው። እዚህ ላይ ትንሽ እረዝማለሁ፤ ይህን የሚያብራራ ሱቅ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ኤልኤም 35 ለእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሺየስ 10 ሚሊቮልት ይሰጣል። ክፍሉ 25 ዲግሪ ከሆነ 0.25 ቮልት ነው። ፋን ላለው መፈልፈያ የምትፈልገው 37.5 ዲግሪ ደግሞ 0.375 ቮልት ነው። አይሲው የሚያደርገው ነገር ቀላል ነው። በእግር 2 የሴንሰሩን ቮልቴጅ ያያል፣ በእግር 3 ደግሞ አንተ በትሪመር (እየተዞረች በምትስተካከል ትንሽ ሬዚስተር) ያስተካከልከውን 0.375 ያያል። ሴንሰሩ ካነሰ እግር 1 ወደ ላይ ይወጣል፣ ሪሌው ይይዛል፣ አምፖሉ ይበራል። ሴንሰሩ ከበለጠ እግር 1 ዜሮ አካባቢ ይወርዳል፣ አምፖሉ ይጠፋል።

ልብ በል፣ የምታወዳድራቸው ሁለቱም ቮልቴጆች ከግማሽ ቮልት በታች ናቸው። መሬት ሊነኩ ምንም አልቀራቸውም። ኤልኤም 358 ለዚህ ተብሎ የተሠራ ነው። የመግቢያ ትራንዚስተሮቹ ፒኤንፒ የሚባሉት ዓይነት ስለሆኑ እግር 4 ግራውንድ ላይ ታስሮ እያለ እስከ ዜሮ ቮልት ድረስ ያነባል። ባለ አንድ ሰፕላይ (ፕላስና ግራውንድ ብቻ ያለው) ሰርኪዩት ላይ ይህን ያህል የተወደደው በዚህ ነው።

ቲኤል 072 ሌላ ዓለም ነው። መግቢያው ጄፌት የሚባል ሌላ ዓይነት ትራንዚስተር ነው። ብዙ ጊዜ የሚሠራው በድምፅ ማጉያ ውስጥ ነው፤ ሰፕላዩ ፕላስ 15ና ማይነስ 15 ሆኖ፣ ድምፁ መሃል ዜሮው ላይ ከፍና ዝቅ ሲል። እዚያ ግሩም ነው፤ ፈጣን ነው፣ ጫጫታው ትንሽ ነው። ግን ሁለቱም መግቢያዎቹ ከእግር 4 ቮልቴጅ ቢያንስ 3 ወይም 4 ቮልት ከፍ ብለው እንዲቀመጡ ይፈልጋል። ያንተ ሰርኪዩት ላይ እግር 4 ግራውንድ ነው። ስለዚህ ከ3 ቮልት በታች ያለው ሁሉ ለሱ ጨለማ ነው። በሩ ዝቅተኛ ነው እንበል፤ 358 ጎንበስ ብሎ ይገባል፣ 072 ወገቡ አይታጠፍም።

ዝም ብሎ ቢቀር እንኳ አንድ ነገር ነበር። ቲኤል 072 ግን መግቢያዎቹ ከዚያ ወለል በታች ሲወርዱ መውጫውን ወደ ላይ ይሰቅለዋል። ማነስና መብለጥ ማየቱን ትቶ እግር 1 ላይ 10 ቮልት ገደማ አውጥቶ ይቀመጣል። ያንተ 0.25ም 0.375ም፣ ሙቀቱ 41 ሲሆን የመጣው 0.41ም ከወለሉ በታች ናቸው። ሳጥኑ ቢቀዘቅዝም ቢሞቅም መልሱ «አብራ» ነው። እንቁላሎችህን ያበሰላቸው ይሄ ነው።

አሁን ደግሞ ሁለተኛው ጉድ። መግቢያውን በሆነ ዘዴ ብታስተካክልለት እንኳ መውጫው ዜሮ አይደርስም። ሲወርድ ከግራውንድ አንድ ቮልት ተኩል ገደማ ከፍ ብሎ ይቆማል። ቢሲ 547 ለመክፈት 0.7 ቮልት ይበቃዋል። ጠጋኙ የትራንዚስተሩን የቤዝ ሬዚስተር ከ4.7 ኪሎ ኦም ወደ 470 ኦም ቀይሮታል ብለሃል። «እንዲጠነክር» ብሎ ይሆናል። አስላው፤ ከ1.5 ላይ 0.7 ቀንስ፣ ለ470 አካፍል፣ 1.7 ሚሊአምፔር ይመጣል። ትንሿ ሰማያዊ ሪሌ የምትፈልገው 30 ሚሊአምፔር ገደማ ነው። ትራንዚስተሩ ቢያንስ መቶ እጥፍ ስለሚያጎላ ያንን በደንብ አልፎ ይሄዳል። ስለዚህ «አጥፋ» ሲባልም ይይዛል። ሳይለኩ እቃ መቀያየር እንዲህ ነው የሚያደርገው፤ አንዱን ጥፋት ሳያገኙ ሌላ ይጨምራሉ። 470ውን አውጥተህ 4.7 ኪሎውን መልስ።

አንዳንዶች ቤዙ ላይ ሁለት ሦስት ዳዮድ በሰልፍ አስገባ ይሉሃል። ያ የሚፈታው የመውጫውን ችግር ብቻ ነው፤ መግቢያው እንደታወረ ይቀራል። አትድከም።

ቃሌን ብቻ ይዘህ ሱቅ እንዳትሄድ፣ መጀመሪያ ለካው። ሶኬቱ ከግድግዳ ይነቀል። የአምፖሎቹን ሽቦ ከሪሌው ፍታ። ቦርዱን ከሳጥኑ አውጥተህ ደረቅ ጠረጴዛ ላይ አድርገው፣ 12 ቮልቱን ከአዳፕተር ወይም ከባትሪ ስጠው። የመልቲሜትሩን ጥቁር ጫፍ እግር 4 ላይ ያዝ። እግር 8 ላይ 12 ገደማ ማንበብ አለብህ። እግር 2 የክፍሉን ሙቀት ይነግርሃል፤ 0.24፣ 0.26 እንዲህ ያለ ነገር። እግር 3 ላይ 0.375 አድርግ። ከዚያ ትሪመሩን ቀስ እያልክ ወደ 0.20 አውርደው። ሴንሰሩ አሁን በልጧል፤ ስለዚህ እግር 1 መውደቅ ነበረበት። ሳይንቀሳቀስ እዚያው 10 ላይ ካየኸው ጥርጣሬዬ ልክ ነው።

አንድ ፍተሻ ጨምር። 12ቱን አጥፍተህ አይሲውን ከመቀመጫው ንቀለውና መልሰህ አብራ። ሪሌው መልቀቅ አለበት። ካልለቀቀ ትራንዚስተሩ ሾርት ነው። ከለቀቀ ደግሞ የሪሌውን መገናኛ በመልቲሜትር ፈትሽ። ኮይሉ (የሪሌው የሽቦ ጥቅል) ኮረንቲ ሳያገኝ የአምፖሉ መስመር አሁንም ከተገናኘ መገናኛው ተጣብቋል ማለት ነው። ርካሾቹ ሪሌዎች ላይ ይሄ የተለመደ ነው። ላያቸው ላይ 10 አምፔር ይጻፍባቸዋል፣ አምፖል ቀዝቅዞ ሲበራ የሚስበውን የመጀመሪያ ግፊት ግን ብዙ ጊዜ አይችሉም።

ምን ትግዛ? ኤልኤም 358 ግዛ። ካጣህ ኤልኤም 2904 ያው ነው፤ ምንም ሳትነካ በቦታው አስገባው። ሦስተኛ ምርጫህ ኤልኤም 393 ነው። እሱ ለማወዳደር ብቻ የተሠራ ነው፣ እግሩም አንድ ዓይነት ነው፣ መግቢያውም እስከ ዜሮ ያነባል። ግን መውጫው ወደ ታች መሳብ እንጂ ወደ ላይ መግፋት አያውቅም። ከእግር 1 ወደ 12 ቮልት 4.7 ኪሎ ኦም ካላሰርክለት አምፖሉ ጭራሽ አይበራም። ይህን የረሱ ብዙዎች ደህናውን አይሲ «ሞቷል» ብለው ጥለውታል። ሱቅ ባታገኝ ምናለሽ ተራ ከሚሸጡት አሮጌ የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላዮችና ቻርጀሮች ቦርድ ላይ 393ም 358ም ይገኛል። እውነቱን ለመናገር ከአሮጌ ቦርድ የተነቀለውን ከአዲሱ ይልቅ አምነዋለሁ።

ምክንያቱም አዲስ ተብለው ከሚሸጡት ውስጥ ላያቸው ተፍቆ ሌላ ቁጥር የታተመባቸው አሉ። መለያው ቀላል ነው። ብሬድቦርድ (ያለ ብየዳ እቃ የሚሰካበት ሰሌዳ) ላይ እግር 1ን ከእግር 2 ጋር አገናኝ፣ እግር 3ን ከግራውንድ፣ ሰፕላዩ 12 ቮልት ይሁን። እግር 1ን ለካ። እውነተኛ 358 ጥቂት ሚሊቮልት ብቻ ያሳይሃል። አንድ ቮልትና ከዚያ በላይ ካሳየህ 358 የተጻፈበት ሌላ ነገር ነው፤ መልስላቸው።

ስምንት እግርና አንድ ዓይነት አደራረግ አላቸው ብለህ እነዚህን ደግሞ እዚህ ቦታ እንዳታስገባ፦ 4558 እንደ 072ው ሁሉ እስከ ግራውንድ አይወርድም። ኤንኢ 5532 እሱም አይወርድም፤ በዚያ ላይ በሁለቱ መግቢያዎቹ መካከል ዳዮዶች ስላሉት ለማወዳደሪያ አይሆንም። 741 ደግሞ እግሩ ራሱ ሌላ ነው። ባለ 14 እግሮቹ ላይም ተጠንቀቅ። ኤልኤም 324 ፕላሱ እግር 4 ነው፣ ግራውንዱ 11። ኤልኤም 339 ላይ ፕላሱ 3፣ ግራውንዱ 12 ነው። አንዱን በሌላው ቦታ አስገብተህ ካበራህ ጭስ ነው የምታየው። በተቃራኒው የድምፅ ማጉያ ላይ በ072 ቦታ 358 ብታስገባ አይቃጠልም፣ ድምፁ ግን ሻካራና የታፈነ ይሆንብሃል።

አዲሱ አይሲ ከገባ በኋላ ትሪመሩን የግድ እንደገና አስተካክል። አንድ ዓይነት ቁጥር ያላቸው ሁለት 358ዎች እንኳ በጥቂት ሚሊቮልት ይለያያሉ፤ ልዩነቱ እስከ 7 ሚሊቮልት ሊደርስ ይችላል። ያ ባንተ ሰርኪዩት 0.7 ዲግሪ ነው፣ ለእንቁላል ደግሞ ብዙ ነው። የምታምነው ቴርሞሜትር መሆን አለበት እንጂ መልቲሜትሩ ላይ ያየኸው 0.375 አይደለም። ሪሌው 37.5 አካባቢ ጠቅ ጠቅ እያለ ካስቸገረህ ከትሪመሩ ወደ እግር 3 አንድ ኪሎ ኦም በሰልፍ አስገባ፣ ከእግር 1 ወደ እግር 3 ደግሞ 2.2 ሜጋ ኦም እሰር። ትሪመርህ አንድ ኪሎ ከሆነ በመብራቱና በመጥፋቱ መካከል ግማሽ ዲግሪ ገደማ ክፍተት ይሰጥሃል። በእግር 8ና በእግር 4 መካከል 0.1 ማይክሮፋራድ ኮንደንሰር አይርሳህ። ሪሌው ላይ ያለው ዳዮድም ቀለበቱ ወደ 12 ቮልቱ መዞሩን እይ፤ ሪሌውን ሲቀይሩት ገልብጠውት ወይም ትተውት ሊሆን ይችላል።

የመጨረሻው ያናደደኝ ነገር ፊውዙ ነው። «ጠጋኙ ፊውዙን በመዳብ ክር ተካልኝ» ብለህ በአንድ መስመር አልፈኸዋል። እኔ አላልፈውም። አምፖሎችህ አንድ ላይ ከ0.6 አምፔር በታች ነው የሚወስዱት። የ2 አምፔር ፊውዝ ይበቃል። ያ የመዳብ ክር ግን ሽቦው ቀልጦ ጣውላው እስኪያያዝ ድረስ አይበጠስም። ዛሬውኑ አውጣው። አምፖሎቹ መስመር ላይ ደግሞ ሙቀት ሲበዛ ራሱ የሚቆርጥ ትንሽ ተርሞስታት በሰልፍ አስገባ። እነዚህ ርካሽ ክብ ተርሞስታቶች እስከ 5 ዲግሪ ሊሳሳቱ ስለሚችሉ እንቁላሉን አያድኑልህም፤ ቤትህን ግን ከእሳት ያድናሉ።

ቦርዱን ከሳጥኑ ውጭ አስረው፤ ውስጥ የሚገባው ሴንሰሩ ብቻ ይሁን። ከውሃ ትሪው የሚነሳው እርጥበት ቦርዱ ላይ ላብ ሆኖ ይቀመጣል፣ 220ው ደግሞ እዚያው ሪሌው እግር ስር ነው። ሁሉን ገጥመህ ስትጨርስ እንቁላል ሳታስገባ አንድ ቀን ሙሉ፣ ሌሊቱንም ጨምረህ አስኪደው። ቴርሞሜትሩን በመስተዋቱ በኩል አንብብ። ትሪመሩን መንካት ካስፈለገህም ቦርዱ ላይ ያለውን 220 አስብ፤ መጀመሪያ ሶኬቱ ከግድግዳ ይነቀል።