ከአሮጌው ቤት ጎን ምን እንሥራ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። አዲስ አበባ የምንኖር አራት ሠዓሊዎች ነን። ከመካከላችን የአንዷ አያት ያሠሩት ባለ አንድ ፎቅ የጭቃ ቤት አለ። መሠረቱ ድንጋይ ነው፣ የእንጨት በረንዳ ዙሪያውን ይዞረዋል። ከጎኑ ባለው ባዶ ቦታ 60 ተማሪ የሚይዝ የሥዕልና የቅርጻ ቅርጽ ትምህርት ቤት ልንሠራ አስበናል። ሁለት አርክቴክቶች አማከርን። አንዱ «አዲሱም ያንኑ በረንዳ፣ ያንኑ ጣሪያ ይልበስ» ይላል። ሌላው ከላይ እስከ ታች መስታወት አድርጎ ስሎልናል። ዘመድ ደግሞ «አሮጌውን አፍርሳችሁ ተገላገሉ» ይለናል። ማንን እንስማ?

መልስ፦ ልጆቼ፣ ከዘመዶቻችሁ ልጀምር። አታፍርሱ። ቤቱ በቅርስነት ተመዝግቦ እንደሆነም አጣሩ። ከተመዘገበ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ ማደስ እንኳ አይቻልም፣ ማፍረስማ አይታሰብ።

ወደ አርክቴክቶቹ ስንመጣ፣ ሁለቱም የተጣሉት በልብስ ነው። እኔ የምጠይቃችሁ ሌላ ነገር ነው። ተማሪው በየትኛው ብርሃን ይሥላል? የጣሪያው ውሃ የት ይወርዳል?

ስኮትላንድ ውስጥ፣ ግላስጎው ከተማ፣ የታወቀ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አለ። አሮጌውን ሕንፃ የነደፈው ቻርልስ ሬኒ ማኪንቶሽ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1897 እስከ 1909 በሁለት ዙር ተሠራ። ድንጋይ ነው፣ ትልልቆቹ የስቱዲዮ መስኮቶች ወደ ሰሜን ያያሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 ከመንገዱ ማዶ፣ ፊት ለፊቱ፣ አሜሪካዊው ስቲቨን ሆል የነደፈው አዲስ ሕንፃ ተከፈተ። ሆል ማኪንቶሽን አልኮረጀም። ያለበሰው ደብዛዛ መስታወት ነው። የብርሃኑን ነገር ግን ከአሮጌው ተምሯል። ስቱዲዮዎቹን ወደ ሰሜን፣ ምግብ ቤቱን ፀሐይ ወዳለበት ወደ ደቡብ አደረገ። መሀሉን ደግሞ ሦስት ትልልቅ ነጭ የኮንክሪት ቱቦዎች፣ ትንሽ ዘንበል ብለው፣ ከጣሪያ ወደ ታች ይወጉታል። የሰማዩ ብርሃን በነሱ ይወርዳል።

አንደኛው ቱቦ ሥር ቆሜ አውቃለሁ። ቀኑ አመድ የመሰለ፣ የሚያካፋ ቀን ነበር። ማስታወሻ ደብተሬን አወጣሁና ያለ መብራት አነበብኩ። ከውጭ ሲታይ ግን፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፍሪጅ ይመስላል። ብዙ ሰው ወዶታል፤ እኔ ውስጡን ወድጄ ውጩን ትቼዋለሁ።

አሁን ይህን እንዳለ አዲስ አበባ አምጥታችሁ እንዳትተክሉት። ግላስጎው ላይ የቀትር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ ነው የሚያልፈው። እኛ ጋ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ በቀትር ወደ ሰሜን ትሻገራለች። ስለዚህ «የሰሜን መስኮት ፀሐይ አያገኘውም» የሚባለው እዚህ ግማሽ እውነት ነው። ደግነቱ ያኔ ፀሐይዋ አናት ላይ ናት። ሦስት ሜትር ቁመት ላለው መስኮት ከላዩ ሰማንያ ሳንቲም ያህል ወጣ ያለ ክፈፍ የቀትሩን ይመልስላችኋል። ጠዋትና ማታ ከጎን ሾልኮ የሚገባውን ለመከልከል ደግሞ መስኮቱ ግራና ቀኝ የቆመ ግድግዳ ጨምሩ። ያ ሁሉ መስታወትስ? በጥር ቀትር ላይ ሸራችሁ ፊት ቆማችሁ ላብ ስትጠርጉ ታዩታላችሁ።

የውሃውን ነገር በራሴ ጥፋት ነው የማወራው። ገና ጀማሪ ሳለሁ አንድ ግቢ ውስጥ፣ ከአሮጌ ጭቃ ቤት ጎን፣ የብሎኬት ሕንፃ ሠራሁ። ጣሪያዬ ወደ አሮጌው ያዘነብላል። አሸንዳ ስያለሁ፣ ግን ጠባብ ነበር። ነሐሴ ላይ የቤቱ ባለቤት፣ አንዲት እማማ፣ አስጠሩኝ። ልስኑ እስከ ጉልበት ድረስ ረግፎ ማገሩ አግጧል። አልተቆጡም። የወደቀውን ጭቃ በእጃቸው ዘገኑና «ልጄ፣ ይሄ ቤት ሃምሳ ክረምት ችሏል። ያንተን አንድ ክረምት አልቻለም» አሉኝ። ካሳውን ከፈልኩ፣ ልስኑንም አስጠገንኩ። እስከ ዛሬ ግን የሰው ንድፍ ስመለከት መጀመሪያ ዓይኔ የሚሄደው ወደ አሸንዳው ነው።

ስለዚህ የአዲሱ ጣሪያ ፊቱን ከአሮጌው ያዙር። መሠረት ስትቆፍሩም ከድንጋዩ ራቁ። የድሮ መሠረት ብዙ ጊዜ ጥልቀት የለውም፤ ከሱ ዝቅ ብላችሁ አጠገቡ ከቆፈራችሁ ሥሩ ባዶ ይቀራል። አፈሩ ጥቁር ከሆነማ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ አብሮ ግድግዳውን ይጎትታል።

እሳት ደግሞ አለላችሁ። የግላስጎው አዲሱ ሕንፃ በተከፈተ በሁለተኛው ወር፣ ግንቦት 2014 እ.ኤ.አ.፣ የአሮጌው ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ እሳት ተነሣ። ለአንድ ተማሪ ሥራ የተረጨ ክፍተት መሙያ አረፋ፣ ጋዙ የጋለ ፕሮጀክተር ነክቶ ነው። ዓለም የሚያደንቀው የእንጨት ቤተ መጻሕፍት ነደደ። እድሳቱ ሊያልቅ ሲል፣ ሰኔ 2018 እ.ኤ.አ.፣ ሕንፃው እንደገና ተቃጠለ። ይኼኛው የባሰ ነበር። የእናንተም ቤት በረንዳው እንጨት፣ ወለሉ ሳንቃ ነው። አኳራጅ፣ ቫርኒሽ፣ ብየዳ፣ የአሸዋና የጂፕሰም ሥራ፣ ሁሉም አዲሱ ውስጥ፣ ከአሮጌው በራቀው ጫፍ ይሁን። አሮጌው ውስጥ እርሳስና ወረቀት፣ ቢሮ፣ ትንሽ የሥዕል ማሳያ። መጻሕፍት ፎቁ ላይ አታከማቹ፣ ወረቀት ከምታስቡት በላይ ይከብዳል።

«አዲሱም ያንኑ በረንዳ ይልበስ» ለሚለው አርክቴክት ክብር አለኝ፣ ግን እሺ አትበሉት። ተማሪው የትኛው እውነተኛ፣ የትኛው ቅጂ እንደሆነ ግራ ይገባዋል። ከአሮጌው ቁመቱን፣ የመስኮቱን ልክ ውሰዱ፣ የቀረውን በዛሬ እጅ ሥሩ።

ከመፈረማችሁ በፊት አንድ ሥራ ልስጣችሁ። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲወርድ ጃንጥላ ይዛችሁ ቤቱ ጎን ቁሙ። ፍንጣቂው ግድግዳው ላይ እስከየት እንደሚደርስ በጠመኔ ምልክት አድርጉ፣ ከመሬት ለኩት። ያንን ልኬት ይዛችሁ ወደ ሁለቱም አርክቴክቶች ሂዱ። የትኛው ወረቀቱን ተቀብሎ ጥያቄ እንደሚጠይቃችሁ ጻፉልኝ።