«ውሾች በውጭ አሉ» ስለ የቱ ውሻ ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ 12 ዓመት አብሮን የኖረ ውሻችን ሞተ። ልጄ «መንግሥተ ሰማያት ገባ?» ትለኛለች። ጎረቤቴ ደግሞ «ውሾች በውጭ አሉ ተብሎ ተጽፏል» አለችኝ። ለልጄ ምን ልበላት? እኔስ ማልቀሴ ኃጢአት ይሆንብኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ለውሻ እንዲህ ይባላል ወይ ብሎ የሚስቅ ካለ ይሳቅ።

ያቺን ጥቅስ ስንቴ እንደሰማኋት! ራእይ 22፥15 ናት። ሰው ሁሉ የመጀመሪያዋን ቃል ይይዝና መጽሐፉን ያጥፋል። እስቲ ቀጥይ፦ አስማተኞች፣ ሴሰኞች፣ ነፍሰ ገዳዮች፣ ውሸትን የሚወዱ ሁሉ። ይህ የሰው ዝርዝር ነው። ውሻ መቼ ዋሸና? ቅዱስ ጳውሎስም «ከውሾች ተጠበቁ» ያለው (ፊልጵ. 3፥2) ስለ ክፉ ሠራተኞች፣ ስለ ሐሰተኞች መምህራን ነው። እንዲያውም ቃሉ የሚያሰጋው እኛን መምህራኑን ነው። «ቤተ ክርስቲያን እንኳ አይገባም» የሚሉሽም ይኖራሉ። እሱ የመቅደሱ ክብር ነው፤ በእንስሳው ላይ የተፈረደ ፍርድ አይደለም። በመጽሐፈ ጦቢት፣ የጦቢት ልጅ ጦብያ ከመልአኩ ከሩፋኤል ጋር ሲሄድ ውሻው ተከትሏቸዋል። መልአኩ አባረረው የሚል አላነበብኩም።

ግን ወደ ሌላው ጫፍም አትሂጂ። ፍትሐት፣ ተዝካር ለሰው ነው። የእንስሳ ሕይወት ደመ ነፍስ ነው፤ ከደሙ ጋር ያልፋል። የሰው ነፍስ ግን ልባዊት፣ ነባቢት፣ ሕያዊት ናት፤ ታስባለች፣ ትናገራለች፣ ሕያው ሆና ትኖራለች። በጸሎተ ሃይማኖት ተስፋ የምናደርገው ትንሣኤ ሙታን፣ ኋላም ፍርዱ፣ የኛ ነው። ሕግ ያልተሰጠው በምን ይጠየቃል?

ታዲያ እግዚአብሔር ረሳቸው ማለት ነው? አይደለም። መጽሐፈ ኩፋሌ እንደሚነግረን አዳም ከገነት በወጣበት ቀን የእንስሳት አፍ ተዘጋ፤ ከዚያ በፊት ይናገሩ ነበር። እኛ በበደልነው እነርሱም ተጎዱ። ሮሜ 8 ላይ ፍጥረት ሁሉ ይቃትታል፣ ከጥፋት ባርነትም ነጻ ይወጣል የሚለው ለዚህ ነው። እንዴት እንደሚሆን አልተዘረዘረልንም፤ ስለዚህ እኔም አልዘረዝርም። ፍንጩን ማየት ከፈለግሽ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ሥዕል ተመልከቺ። 60 አንበሳና 60 ነብር ከበዋቸው ቆመዋል፤ የሚናከስ የለም። ሰው ከፈጣሪው ሲታረቅ አራዊቱም ከሰው ይታረቃሉ።

ለልጅሽ «ሰማይ ቤት ገብቷል» ብለሽ አትማዪላት። ልጅ ነገ አድጋ ትጠይቅሻለች። «ጠፍቷል፣ አለቀ» ብለሽም አታስደንግጫት። ጌታ ስለ ድንቢጦች ሲናገር አንዲቱ ስንኳ በእግዚአብሔር ፊት አትረሳም ብሏል፤ ይህንኑ ንገሪያት። እውነት ነው፣ ለሕፃንም አይከብድም።

ማልቀስሽ ኃጢአት አይደለም። 12 ዓመት በርሽን ጠብቆ የኖረ ፍጥረት ነው። ግቢያችሁ ጥግ ላይ ቅበሩት። ልጅሽ አበባ ላስቀምጥለት ካለች ተያት።