ውሃው ወደየት ነው የሚሄደው? ስለ ዲፊውዥንና ኦስሞሲስ ለቀረበው ጥያቄ ምላሽ

እህታችን ያቀረብሽው ጥያቄ፣ አንዱ መጽሐፍ በኦስሞሲስ (ውሃ በሚመርጥ ሽፋን በኩል በሚያደርገው ጉዞ) ውሃ «ከብዙ ወደ ጥቂት» ይሄዳል ሲል ሌላው «ከዝቅተኛ ክምችት ወደ ከፍተኛ ክምችት» ስለሚል፣ ለፈተና የትኛውን ልያዝ የሚል ነው። አብሽሪ፣ ሁለቱም ልክ ናቸው። የመጀመሪያው የሚናገረው ስለ ውሃው ነው፤ ሁለተኛው ግን በውሃው ውስጥ ስለሟሟው ጨው ወይም ስኳር ነው። የሟሟው ነገር በበዛበት በኩል ውሃው በአንጻሩ ስለሚያንስ፣ ሁለቱም አባባሎች አንድ አቅጣጫ ያመለክታሉ። ደቡብ ወሎ ውስጥ ባዮሎጂ ሳስተምር እንደታዘብኩት፣ ተማሪዎች በዚህ ርዕስ ነጥብ የሚያጡት ትርጓሜውን ሳይሸመድዱ ቀርተው ሳይሆን፣ «የምን ክምችት?» ብለው ራሳቸውን ሳይጠይቁ ስለሚመልሱ ነው።

ዲፊውዥን፣ ማለትም የሞለኪውሎች ከበዙበት ወደ ጥቂት ወዳሉበት መሰራጨት፣ ከሁለቱ ሰፊው ነው። ሞለኪውሎች ሙቀት እስካላቸው ድረስ በየአቅጣጫው ያለ ዕረፍት ይንቀሳቀሳሉ፤ ወደ አንድ ወገን የሚነዳቸው የለም። ከበዙበት ቦታ የሚወጡት ወደዚያ ከሚገቡት ስለሚበልጡ ብቻ፣ ጉዞው በጥቅሉ ከብዙ ወደ ጥቂት ይሆናል። ክምችቱ እኩል ከሆነም በኋላ የሚሄደውና የሚመጣው ይመጣጠናል እንጂ እንቅስቃሴው አይቆምም፤ ስለዚህ በፈተና ላይ «ይቆማል» ብለሽ እንዳትጽፊ። ጀርመናዊው ሳይንቲስት አዶልፍ ፊክ እ.ኤ.አ. በ1855 እንዳስቀመጠው፣ የስርጭቱ ፍጥነት በሁለቱ ወገኖች ባለው የክምችት ልዩነት ይወሰናል። ከኮምቦልቻ ተነሥቶ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ የሚደርስ ሰው ትንፋሹ የሚፈጥነው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው፤ ከፍታው ሲጨምር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ፣ ኦክስጅንን ከሳንባ ወደ ደም የሚያሻግረው ልዩነትም ይጠብባል። ርቀትም ወሳኝ ነው። ኦክስጅን በውሃ ውስጥ 10 ማይክሮሜትር ለመሄድ የሰከንድ ክፍልፋይ ሲበቃው፣ 1 ሴንቲሜትር ለመሄድ ግን ሰዓታት ይፈጅበታል፤ ሕዋሶች ጥቃቅን የሆኑበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

የሕዋስ ሽፋን ከ10 ናኖሜትር የማይበልጥ ውፍረት ያለው፣ ከሁለት ረድፍ የቅባት ሞለኪውሎችና በመካከላቸው ከተሰኩ ፕሮቲኖች የተሠራ ነው። ኦክስጅንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ በቅባቱ በቀጥታ ያልፋሉ። ግሉኮስ አሳላፊ ፕሮቲን፣ ሶዲየምና ፖታሲየም ደግሞ የየራሳቸው ቦይ ያስፈልጋቸዋል። ውሃ በቅባቱም ጥቂት በጥቂት ያልፋል፤ በብዙ ሕዋሶች ግን በፍጥነት የሚሻገረው አኳፖሪን በተባሉ ፕሮቲኖች በኩል ነው፤ አሜሪካዊው ሳይንቲስት ፒተር አግሬ እ.ኤ.አ. በ2003 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን የተጋራው በእነዚህ ግኝት ነው። ኦስሞሲስ እንግዲህ ውሃን የሚያሳልፍ፣ የሟሟውን ነገር ግን የሚከለክል ሽፋን ባለበት የሚታይ የውሃ ጉዞ ነው።

ይህን ለማየት ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ ድንች ይበቃል። ጥሬ ድንች ልጠሽ በእኩል መጠን ቁረጪና አንዱን ቁራጭ በንጹሕ ውሃ፣ ሌላውን ብዙ ጨው በሟሟበት ውሃ አሳድሪው። በንጹሕ ውሃ ያደረው ውሃ ጠጥቶ ይገተራል፤ ልታጥፊው ስትሞክሪ ቀጭ ብሎ ይሰበራል። በጨው ውሃ ያደረው ውሃውን አጥቶ ይልፈሰፈሳል፤ ያለ ስብራት ይታጠፋል። እኔ ግን የማስቀድመው ብዙ መምህራን የሚተዉትን ሦስተኛውን ቁራጭ ነው፤ እሱም የተቀቀለው ነው። ንጹሕ ውሃ ውስጥ ቢያድርም አይገተርም፤ ሙቀቱ የሕዋሶቹን ሽፋን ስላፈረሰው የሚመርጥ የለም፤ የሚመርጥ ሽፋን ከሌለም ኦስሞሲስ የለም። ቀይ ስርም እንዲሁ ነው። ጥሬውን ቆርጠሽ ካጠብሽው በኋላ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ብትነክሪው ቀለሙ እምብዛም አይወጣም፤ ስትቀቅይው ግን ሽፋኑ ስለሚፈርስ ቀለሙ በዲፊውዥን ወጥቶ ውሃውን ያቀላዋል። በዲፊውዥንና በኦስሞሲስ መካከል ያለውን ልዩነት ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ሙከራ አላውቅም።

የድንቹ ሕዋስ በንጹሕ ውሃ የማይፈነዳው ጠንካራ ግድግዳ ስላለው ነው። ቀይ የደም ሕዋስ ግን ይህ ግድግዳ ስለሌለው በንጹሕ ውሃ ውስጥ አብጦ ይፈነዳል፤ በደም ሥር የሚሰጠው የጨው ውሃ 0.9 በመቶ የሆነውም ከደም ጋር እንዲመጣጠን ነው።

ለተቅማጥ የሚሰጠው፣ ጨውና ስኳር ያለበት በውሃ የሚበጠበጥ ዱቄት፣ ኦ.አር.ኤስም በዚሁ ሕግ ይሠራል። አንጀት ውስጥ ሶዲየምና ግሉኮስን አንድ ፕሮቲን አጣምሮ ወደ ሕዋሱ ያስገባቸዋል፤ ይህ የሶዲየምን የክምችት ልዩነት ተጠቅሞ የሚሠራ ማጓጓዝ ስለሆነ ተራ ዲፊውዥን አይባልም፤ ውሃው ግን በኦስሞሲስ ይከተላቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2002 ድብልቁን በሊትር ከ311 ወደ 245 ሚሊኦስሞል (የሟሟው ነገር ብዛት መለኪያ) ያወረዱት ከደም በትንሹ ቀጠን ያለው የተሻለ ስለሚሠራ ነው። በአካባቢያችን «ጠንከር ይበልለት» ብሎ ለአንድ ሊትር የተዘጋጀውን ከረጢት በግማሽ ሊትር ውሃ የሚበጠብጥ ወላጅ አይጠፋም፤ እንዲህ የወፈረ ድብልቅ ግን ውሃውን ከልጁ ሰውነት ወደ አንጀቱ ስቦ ተቅማጡን ሊያባብሰው፣ በደሙ ያለውንም ጨው ከልክ በላይ ሊያደርሰው ይችላል።