ጥያቄና መልስ፦ የትንሽ ከተማ የመንግሥት ትምህርት ቤት ውጤትና የተማሪ ቁጥር

ጠይቁ፣ የቻልኩትን እመልሳለሁ። አንድ ማሳሰቢያ፦ መቶኛ ስታመጡ ከስንት ተማሪ እንደሆነ አብራችሁ አምጡ።

ወላጅ፦ የከተማችን ትምህርት ቤት የማለፍ መጠን በአንድ ዓመት ከ50 ወደ 65 በመቶ ወጣ። ተፈታኞቹ 20 ናቸው። አዲሷ ርዕሰ መምህርት ጎበዝ ናት ማለት ነው?

መልስ፦ ልትሆን ትችላለች፤ ይህ ቁጥር ግን አያሳይም። ከ20 ተማሪ 50 በመቶ 10 ልጅ፣ 65 በመቶ 13 ልጅ ነው። ልዩነቱ ሦስት ልጆች ናቸው! በፈተናው ሰሞን ሦስት ልጅ ቢታመም ተመልሶ ይወርዳል። 500 በሚፈተኑበት ትምህርት ቤት ግን 15 በመቶ ማለት 75 ልጅ ነው፤ እሱ እንዲሁ በአጋጣሚ አይመጣም። በአሜሪካ ትናንሽ ትምህርት ቤቶች ከአንደኞቹ ተርታ በብዛት ስለተገኙ ብዙ ገንዘብ ፈሰሰባቸው። የስታቲስቲክስ ባለሙያው ሃዋርድ ዌይነር የፔንሲልቬንያን ውጤት ሲያይ ግን ትናንሾቹ ከመጨረሻዎቹም ተርታ በብዛት አሉ። ትንሽ ቁጥር ወደ ላይም ወደ ታችም ይዘላል። ስለዚህ የሦስት አራት ዓመት ተፈታኞችን ደምራችሁ አስሉ። በአንድ ዓመት ውጤት መምህር አትሸልሙ፣ አታባርሩ።

ጥያቄ፦ ጥሩ ትምህርት ቤት በምን ይታወቃል?

መልስ፦ ለስንተኛ ክፍል? በምን በኩል? አጥብበህ ጠይቀኝ።

ጥያቄ፦ የአንደኛ ደረጃ ተሳትፎ 112 በመቶ ይላል። ስህተት ነው አይደል?

መልስ፦ አይደለም። ጥቅል ተሳትፎ ዕድሜያቸው ያለፈውንና ደጋሚዎችንም ይቆጥራል፤ የሚካፈለው ግን ለክፍሉ ዕድሜ ለደረሱት ልጆች ብቻ ነው። ዩጋንዳ በ1997፣ ኬንያ በ2003 እ.ኤ.አ. ክፍያ ሲያነሱ ታላላቆቹም ጎርፈው ገብተዋል። ዕድሜያቸው ለክፍሉ የሚመጥነውን ብቻ የሚቆጥረውን ንጥር ተሳትፎ እዩ።

መምህር፦ የእኛ ተማሪ የቀነሰው ወላጆች ወደ ግል ስለሚወስዱ ነው። ጎበዞቹን ይዘው ይሄዳሉ፣ በቀሩት ውጤት እኛ እንወቀሳለን።

ወላጅ፦ ኧረ መምህር! እኔ ልጄን ያወጣሁት ለወራት የሒሳብ መምህር ስላልነበረው ነው። ደግሞ ቤተሰቡም ከተማውን እየለቀቀ ነው።

መምህር፦ እንግዲያው መምህሩ ለምን እንደሄደም ይጠየቅ።

መልስ፦ በዚህ ከመጨቃጨቅ መዝገብ አውጡ። በመንግሥትም በግልም አንደኛ ክፍል የሚገቡት በድምሩ ከቀነሱ፣ ከተማው ውስጥ ልጅ እያነሰ ነው። ድምሩ እንዳለ ሆኖ የመንግሥቱ ብቻ ከቀነሰ፣ ዝውውር ነው። አራተኛ ክፍል የነበሩት አምስተኛ ላይ ከጎደሉና የትም ካልገቡ፣ ትምህርት አቋርጠዋል። መፍትሔያቸው ለየቅል ነው። መምህሩም ልክ ናቸው፤ ጎበዞቹ ከወጡ ማስተማሩ ሳይበላሽ አማካዩ ይወርዳል። ያንኑ ልጅ አምናና ዘንድሮ አወዳድሩ።

ጥያቄ፦ የክፍል ተማሪ ማነስ ይጠቅማል?

መልስ፦ በታች ክፍሎች፣ አዎ። በ1985 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ቴኔሲ ግዛት ውስጥ ልጆችን በዕጣ መድበው ሞክረዋል፤ ከ13 እስከ 17 ልጅ ባለበት ክፍል የተማሩት የተሻለ ውጤት አመጡ።

ጥያቄ፦ ስለ ደንብ ልብስስ?

መልስ፦ አላጠናሁትም።

ጥያቄ፦ የእኛ ከ40 ወደ 60 በመቶ ወጥቷል። ደስ ይበለን?

መልስ፦ ከስንት? ስንቴ ልበል!

ጥያቄ፦ ይቅርታ። አምና 25 ተፈተኑ፣ ዘንድሮ 15።

መልስ፦ አምና ያለፉት 10፣ ዘንድሮ 9 ናቸው። መቶኛው አደገ፣ ያለፈው ልጅ ግን ቀነሰ። የዘንድሮዎቹ ታች ክፍል ሳሉ ስንት ነበሩ? የጎደሉ ካሉ ስማቸው መዝገብ ላይ አለ። ነገ ሄደህ የት እንደደረሱ በየስማቸው ጠይቅና ንገረኝ።