«ሰኞ እጀምራለሁ» ለምትሉ፦ ስለ ስፖርት የጠየቃችሁኝና መልሴ

ስፖርት ጀምራችሁ ያቆማችሁ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ጠዋት ጠዋት አብሮ የሚራመድና የሚሮጥ ቡድን ለ8 ዓመት አስተባብሬያለሁ። ሰው ለምን እንደሚያቆም በደንብ ያየሁት እዚያ ነው። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አንድ ላይ አድርጌያለሁ።

ጥያቄ፦ ለጂም የ6 ወር ከፍዬ 3 ሳምንት ሄጄ ቀረሁ። እንዲህ ሲሆን ሦስተኛዬ ነው። ሰነፍ ነኝ ማለት ነው? (ከጀሞ)

አይደለህም ወንድሜ። ጂሙ የት እንደሆነ ስጠይቅህ ቦሌ አልከኝ። ስራህ መርካቶ፣ ቤትህ ጀሞ ነው። ደክሞህ ከስራ ትወጣለህ፣ ከቤትህ ወደሚያርቅህ ሰፈር ታክሲ ትሰለፋለህ፣ ከዚያ ደግሞ ለጀሞ እንደገና ትሰለፋለህ። ይህን ለ6 ወር የሚችል ሰው ጥቂት ነው። የተሳሳተው ዕቅዱ ነው።

ብዙዎቻችን የምናቅደው በጥሩ ቀናችን ነው። እሁድ ማታ፣ ጠግበን፣ ተኝተን ተነስተን። እኔ የምለው በሳምንቱ ውስጥ ክፉውን ቀን አስብ። ዝናብ ጥሏል፣ አለቃህ አስመሽቶሃል፣ መብራት ጠፍቷል። በዚያ ቀን ምን መስራት ትችላለህ? 10 ደቂቃ? እንግዲያው ያንተ ስፖርት እሱ ነው። ቁጭ ብድግ፣ ፑሻፕ፣ ትንሽ ገመድ ዝላይ። አልጋህ አጠገብ ይሰራል። ጥሩ ቀን ሲመጣ ትጨምርበታለህ።

ሰዓቱን ደግሞ ሁልጊዜ ከምታደርገው ነገር ጋር እሰረው። «ጠዋት» አትበል። «ፊቴን ከመታጠቤ በፊት» በል። በቡድናችን አንዲት እህት ነበረች፣ ጀበናውን ጥዳ ቡናው እስኪፈላ ቁጭ ብድግ ትሰራለች። 4 ዓመት አላቋረጠችም።

በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ አጥኚዎች አዲስ ልማድ የጀመሩ 96 ሰዎችን ተከታትለው ነበር። ልማዱ ያለ ብዙ ትግል መምጣት የጀመረው በአማካይ በ66 ቀን ነው። አንዳንዱ በ18 ቀን ደረሰ፤ ለአንዳንዱ እስከ 254 ቀን እንደሚወስድ ተገመተ። አንድ ቀን መዝለል ደግሞ ብዙም ጉዳት አላመጣም። አንተ በ21ኛው ቀን ተስፋ ቆርጠሃል። ገና መንገድ ላይ ነበርክ።

ጥያቄ፦ በሳምንት ስንት ሰዓት ነው? 10 ሺህ እርምጃ ግዴታ ነው?

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ጡንቻ የሚያጠነክር ስራ ደግሞ በሳምንት ቢያንስ 2 ቀን። መካከለኛ ማለት እየሄዱ ማውራት ይቻላል፣ መዝፈን ግን አይቻልም።

10 ሺህ ግዴታ አይደለም። ቁጥሩ የመጣው በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጃፓን ውስጥ ከተሸጠ የእርምጃ መቁጠሪያ ስም ነው። በዕድሜ የገፉ ሴቶች ላይ የተሰራ የአሜሪካ ጥናት በቀን 4,400 አካባቢ የሚራመዱት እንኳ በጣም ጥቂት ከሚራመዱት የተሻለ ዕድሜ እንዳላቸው አሳይቷል።

ጥያቄ፦ 61 ዓመቴ ነው። ስኳርና ደም ግፊት አለብኝ፣ ጉልበቴንም ያመኛል። ሐኪሙ ተንቀሳቀሺ አለኝ፤ ምን ላድርግ?

እናቴ፣ ኪዳን የሚሳለሙት በታክሲ እንደሆነ ጽፈውልኛል። መንገዱ 20 ደቂቃ ከሆነ በእግር ይሂዱ። መጀመሪያ ሳምንት ሲሄዱ ብቻ፣ ሲመለሱ በታክሲ። ቀጥሎ ደርሶ መልስ። ከምግብ በኋላ 10 ደቂቃ ግቢ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ማለትም ስኳሩን ዝቅ ያደርገዋል።

ለጉልበትዎ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ ይለማመዱ። በቀን 2 ጊዜ፣ 8 ጊዜ ያህል፣ ጠረጴዛ ይዘው። ጭንዎ ሲጠነክር ጉልበትዎ ላይ ያለው ሸክም ይቀላል።

አደራ የምልዎት አለ። ኢንሱሊን ወይም ስኳርን ዝቅ የሚያደርግ እንክብል የሚወስዱ ከሆነ፣ በባዶ ሆድ ስለመውጣት ሐኪምዎን ይጠይቁ። ከረሜላ ኪስዎ ውስጥ ይኑር። ከተንቀጠቀጡና ላብ ካጠመቀዎት ቁጭ ብለው ከረሜላውን ይውሰዱ። በሸበጥ አይውጡ፣ ማታ እግርዎን ይመልከቱ፤ ስኳር ያለበት ሰው ቁስሉ ላይሰማው ይችላል። ደረትዎን ከተጫነዎት እዚያው ያቁሙና ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ጋ ይሂዱ።

ጥያቄ፦ ሴት ነኝ። ጠዋት ሶምሶማ እወዳለሁ፤ ጨለማው፣ ውሻው፣ ለከፋው አስመረረኝ።

እህቴ፣ ይህን ጥያቄ የላኩልኝ ብዙ ሴቶች ናቸው። ያሳዝነኛል፤ ጥፋቱም ያንቺ አይደለም። ቡድኑን የጀመርነው በዚሁ ምክንያት ነበር። ከሰፈርሽ አንዲት ሴት ፈልጊ፣ ሁለት መሆን ብዙ ነገር ይለውጣል። ደግሞም «ጠዋት እጠብቅሻለሁ» ያላት ሰው ከአልጋ ትነሳለች። ሳይነጋ አትውጪ፤ 12 ሰዓት ተኩል ይበቃል። መስቀል አደባባይ ጠዋት ደረጃውን የሚወጣ የሚወርድ ሰው አይጠፋም፤ ቅርብሽ ከሆነ እዚያ ሂጂ። ውሻ ሲመጣ አትሩጪ፣ ቆመሽ ቀስ ብለሽ ራቂ። ያልተመቸሽ ቀን የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ 10 ጊዜ ውጪ።

ጥያቄ፦ በሁዳዴ 55 ቀን ሙሉ አቆማለሁ። በረመዳንስ?

አታቁሙ፣ ቀንሱ። ለጤነኛ ሰው ጥሩው ሰዓት ጾም ከመፈታቱ ግማሽ ሰዓት በፊት ነው። ቀለል ያለ እርምጃ አድርጋችሁ ወዲያው ትበላላችሁ፣ ትጠጣላችሁ። ጠንከር ያለውን ከበላችሁ ከ2 ሰዓት ያህል በኋላ አድርጉት። በሁዳዴ ሽሮውን፣ ምስሩንና ባቄላውን ጠገብ ብሉ፤ ጡንቻ ያለ ፕሮቲን አይጠገንም።

ጥያቄ፦ ክረምትስ?

ቤት ውስጥ። ከሰኔ በፊት ግን ልመዱት፤ ዝናቡ ከጀመረ በኋላ አዲስ ነገር መጀመር ይከብዳል።

ጥያቄ፦ ሪያድ ሰው ቤት ነው የምሰራው። ቀኑን ሙሉ ቆሜ እውላለሁ። ስፖርት ለእኔም ያስፈልጋል?

እህቴ፣ መጀመሪያ የሚያስፈልግሽ እረፍት ነው። ሰውነትሽ ቀኑን ሙሉ ሰርቷል፣ ግን አንዱን ነገር እየደጋገመ። ማጎንበስ፣ ማንሳት፣ መቆም። ስለዚህ ላንቺ ሩጫ አልመክርም። ማታ ከመተኛትሽ በፊት ጀርባሽ ላይ ተኝተሽ እግርሽን ግድግዳ ላይ 5 ደቂቃ ስቀዪ። ጉልበትሽን አንድ በአንድ ወደ ደረትሽ ሳቢ። እጅሽን ግድግዳ ላይ አድርገሽ 10 ፑሻፕ ስሪ፤ ትከሻሽን ያጠነክርልሻል። ዕቃ ስታነሺ ከወገብሽ አትጎንበሺ፣ ጉልበትሽን እጠፊ። ይህን ሁሉ በጠባብ ክፍል መስራት ይቻላል፣ ማንንም ማስፈቀድ የለብሽም። ህመሙ ወደ እግርሽ ከወረደና ከደነዘዘሽ ጻፊልኝ፤ ያ በሐኪም መታየት አለበት።

ጥያቄ፦ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሾፌር ነኝ። በቀን 11 ሰዓት መቀመጥ።

ኤርፖርት ተራ ስትጠብቅ ከመኪናህ ውረድ፤ 10 ደቂቃ ዙርና ተመለስ። በቀን 3 ጊዜ ከሆነ 30 ደቂቃ ሞላህ። ለብቻው ሰዓት አትፈልግለት።

ጥያቄ፦ በኅዳር ታላቁ ሩጫን 10 ኪሎ ሜትር ሮጬ ነበር። ከዚያ ጫማዬን አላየሁትም። እንዴት ልመለስ?

ይህ በየዓመቱ በቡድናችንም ይደርሳል። ግቡ ቀኑ ብቻ ስለነበር ቀኑ ሲያልፍ ምክንያቱም አለቀ። በድሮ አቅምህ አትጀምር፣ ጉልበትህ ይጎዳል። 50 ደቂቃ ትሮጥ ከነበረ 20 ደቂቃ ውጣ። 2 ደቂቃ ሩጥ፣ 2 ደቂቃ ተራመድ። በሳምንት 3 ቀን፣ ለ3 ሳምንት። ጫማህን ዛሬ ማታ በሩ አጠገብ አውጣው።