የቦልት አክሽን ጠመንጃ ጥያቄዎቻችሁ፦ የትኛው ይጨመር?

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጌሞች የጀርመኑ ካር 98ኬ፣ የሶቪየቱ ሞሲን፣ የብሪታንያው ሊ-ኢንፊልድና የአሜሪካው ስፕሪንግፊልድ አይጠፉም። ከእነሱ ሌላ የትኞቹ ታሪካዊ የቦልት አክሽን ጠመንጃዎች (ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ በእጅ የሚቀባበሉ) ይግቡ በሚለው ላይ ከጠየቃችሁኝ ውስጥ እነዚህን መርጬ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ አራቱ አይበቁም? ሁሉም ያው አቀባብሎ መተኮስ ነው።

መልስ፦ ከሩቅ ሲታዩ ነው እንጂ እጅ ላይ አንድ አይደሉም። መለኪያዬ አንድ ነው፤ አዲሱ ጠመንጃ አጨዋወትህን ካልቀየረ ይቅር። ለምሳሌ የቼኩ ቪዜ 24 እንደ ካር 98ኬ ሁሉ ከጀርመኑ የማውዘር ጠመንጃ ቤተሰብ ነው። ጥይቱ 7.92 ሚሊ ሜትር፣ አሞላሉም በባለ አምስት ክሊፕ (ጥይቶቹን አንድ ላይ በሚይዝ ብረት)፣ ልክ እንደ ካር 98ኬ። ለካር 98ኬ እንደ ስኪን (መልኩን ብቻ የሚቀይር) ቢገባ ደስ ይለኛል፤ ራሱን የቻለ መሣሪያ ማድረግ ግን የአኒሜሽን ሠሪዎቹን ልፋት ማባከን ነው።

ጥያቄ፦ አንድ ብቻ ምረጥ ብትባልስ?

መልስ፦ የጣሊያኑን ካርካኖ፣ ሳላመነታ። ስድስቱ ጥይቶች ካዝናው ውስጥ የሚገቡት ከነክሊፓቸው ነው። የመጨረሻው ጥይት ወደ በርሜሉ ሲገፋ ባዶው ክሊፕ ከካዝናው ሥር ባለው ቀዳዳ ሾልኮ መሬት ላይ ይወድቃል። የአሜሪካው ጋራንድ ክሊፑን ወደ ላይ የሚተፋው የመጨረሻው ጥይት ከተተኮሰ በኋላ ነው፤ ካርካኖ ግን አንዲት ጥይት እንደቀረችህ ቀድሞ ይነግርሃል። እግርህ ሥር የክሊፑን ኮሽታ ሰምተህ ያቺን ጥይት ለማን እንደምታውላት ስታስብ ይታይህ! ሁለት ተኩሰህ ሁለት መተካትም የለም፤ ወይ ባለህ ትቀጥላለህ፣ ወይ የተጀመረውን ክሊፕ አውጥተህ ሙሉ ታስገባለህ። ሌሎቹ አራቱ እንዲህ አያስጨንቁህም።

ጥያቄ፦ ሊ-ኢንፊልድ በጣም ፈጣን ነው። ለሚዛን ሲባል አይቀነስም?

መልስ፦ እባካችሁ ፍጥነቱን አትንኩት። የማውዘር ማቀባበያ እጀታ 90 ዲግሪ ያህል ሲነሳ ለእሱ 60 ገደማ ይበቃዋል። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት የብሪታንያ እግረኛ በአንድ ደቂቃ 15 ጥይት አነጣጥሮ መተኮስን ይለማመድ የነበረውም በዚህ ጠመንጃ ነው። መታረም ያለበት አሞላሉ ነው። ብዙ ጊዜ ጌም ላይ ካዝናው ተነቅሎ በሌላ ሲተካ እናያለን። ወታደሩ ግን ካዝናውን ሳይነቅል ከላይ በክሊፕ ነበር የሚሞላው። አሥር ጥይት ማለት ሁለት ባለ አምስት ክሊፕ ነው፤ ሁለተኛው ክሊፕ እስኪገባ ያለው ጊዜ ለጠላት በቂ ነው። ሚዛኑ እዚያ ይገኛል።

ጥያቄ፦ መነጽር ያለው ሞሲን አንድ በአንድ የሚሞላው ለምንድን ነው? ስህተት መሰለኝ።

መልስ፦ ትክክል ነው። መነጽሩ ክሊፑ ከሚገባበት ቦታ በላይ ስለሚቀመጥ መንገዱን ይዘጋዋል።

ጥያቄ፦ ከጃፓን ታይፕ 99 ይሻላል ወይስ ታይፕ 38?

መልስ፦ ሁለቱም አሪሳካ ከሚባለው የጃፓን ጠመንጃ ቤተሰብ ናቸው፤ የእኔ ድምፅ ለታይፕ 38 ነው። ጥይቱ 6.5 ሚሊ ሜትር ነው፣ በርሜሉም ረጅም ስለሆነ ባሩዱ ውስጡ ተቃጥሎ ያልቃል። ስለዚህ አፈሙዙ ላይ የሚታየው ብልጭታ ትንሽ ነው። ጫካ ማፕ ላይ ተኳሹን ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። ዋጋውን ደግሞ ቤት ውስጥ ሲገባ ይከፍላል፤ ከአንድ ሜትር ከሩብ በላይ የሆነ ጠመንጃ በጠባብ ኮሪደር ማዞር ቀላል አይደለም።

ጥያቄ፦ የካናዳው ሮስስ?

መልስ፦ እሱ የአንደኛው ጦርነት ነው፤ ጭቃ ሲገባበት እየተነከሰ ስላስቸገረ በ1916 ከግንባር ተነሳ። እንደ ሮስ እጀታው ሳይዞር በቀጥታ የሚሳብ ከፈለጋችሁ የኦስትሪያው ማንሊከር ኤም 95 ይሻላል፤ በሁለተኛውም ጦርነት ሃንጋሪና ቡልጋሪያ ይዘውት ነበር።

ጥያቄ፦ ፈረንሳይ እስከ መቼ ትረሳለች? ውጅግራስ አይገባም?

መልስ፦ ውጅግራ የምንለው «ፉዚል ግራ» ነው፤ የ1874 ጠመንጃ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ። ለ1940 ማፕ አርጅቷል። እሱን የተካው የ1886ቱ ለበል ግን በ1940ም አንዳንድ የፈረንሳይ ክፍሎች እጅ ላይ ነበር። ስምንት ጥይት በበርሜሉ ሥር በተዘረጋ ቱቦ ይይዛል። ማቀባበያውን ከፍተህ ጥይቱን በአውራ ጣትህ ወደ ቱቦው ትገፋለህ፣ ሞላው ወደ ኋላ ይገፋሃል፣ ቀጣዩን ትደግማለህ። ስምንቱንም እስክትጨርስ ዕድሜ ነው፤ ነገር ግን ሦስተኛው ላይ ኮቴ ብትሰማ እዚያው ዘግተህ መተኮስ ትችላለህ።