ዶክሲሳይክሊን የወባን ጥገኛ ለምን ዘግይቶ ይገድላል?
ዶክሲሳይክሊን የባክቴሪያ መድኃኒት ሆኖ ሳለ የወባን ጥገኛ ተሕዋስ እንዴት እንደሚገድል፣ በሙከራዎም በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ለምን ለውጥ እንዳልታየ ጠይቀዋል። ሙከራው አልተበላሸም፤ የቸኮሉት እርስዎ ነዎት።

ፕላስሞዲየም፣ ማለትም የወባ ጥገኛው፣ ፕሮቲን የሚሠራው በአንድ ቦታ ብቻ አይደለም። በሕዋሱ ፈሳሽ ውስጥ ካሉት ራይቦዞሞች (ፕሮቲን ሠሪ አካላት) ሌላ ኃይል አመንጪው ሚቶኮንድሪያና አፒኮፕላስት የተባለው ክፍል የየራሳቸው አሏቸው። አፒኮፕላስት በጥንት ዘመን ከተዋጠ አልጌ የቀረ ነው፤ አልጌው ራሱ ቀድሞ ባክቴሪያ የዋጠ ነበርና የዘር ሐረጉ ከባክቴሪያ ይደርሳል። ዶክሲሳይክሊን የሚያግደው የአፒኮፕላስቱን ባክቴሪያ መሰል ራይቦዞም ነው። መድኃኒቱ ያገኘው ጥገኛ ግን በነበረው ስንቅ ዑደቱን፣ ማለትም በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ አድጎ የሚባዛበትን 48 ሰዓት ገደማ፣ ይጨርሳል፤ የሚሞቱት ጎደሎ አፒኮፕላስት የወረሱት ልጆቹ ናቸው፣ በሁለተኛው ዑደት። ሐኪሞችም የታመመ ሰው ሲያክሙ ለብቻው የማይሰጡት፣ እንደ ኩዊኒን ካለ ፈጣን የወባ መድኃኒት ጋር የሚያጣምሩት ለዚህ ነው።

ልኬቱን በ96 ሰዓት ይድገሙት። መጠኑን አያብዙ፤ ሲበዛ በሌላ መንገድ በመጀመሪያው ዑደት ይገድልና ውጤቱን ያምታታብዎታል። አፒኮፕላስቱ ለጥገኛው የሚያመርተውን አስፈላጊ ንጥረ ነገር፣ ኢሶፔንቴኒል ፓይሮፎስፌትን፣ ከውጭ ሲጨምሩ ጥገኛው ከተረፈ፣ ዒላማው አፒኮፕላስት ለመሆኑ እኔ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አልፈልግም።